የስኪ ሠንጠረዥ ለግሸን ዳገት አይሆንም፦ ስለ ምርኩዝ ርዝመት ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራምም በፌስቡክም አንድ ጽሑፍ ሲዞር ሰንብቷል። ስለ ተራራ ምርኩዝ ርዝመት ነው። ከደሴም ከወልዲያም ከላሊበላም ወዳጆች ላኩልኝ። ላስታ ውስጥ እንግዳ ይዘው ተራራ የሚወጡ አስጎብኚ ልጆች ደግሞ «ከእንግዲህ በዚህ ቀመር እንለካ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ጽሑፉ ክፋት የለበትም። ጸሐፊው የሰው ጉልበት እንዳይጎዳ አስበው እንደጻፉት ያስታውቃል። ግን ብዙው ነጥብ ልክ አይደለም። አንዱ ነጥብ ጭራሽ አዛውንት ሊጥል ይችላል። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። የስኪ (በረዶ ላይ መንሸራተቻ) ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች የሰውን ቁመት በ0.7 አባዝተው ምርኩዝ ይሰጣሉ፤ ተራራ ተራራ ነውና ለእኛም ይኸው ይበቃል ይላሉ። ለማረጋገጥ ምርኩዙን ገልብጦ ከጫፉ አጠገብ ካለችው ክብ ሳህን ሥር መያዝ ነው። አንዴ የተለካ ምርኩዝ መነካካት ስለሌለበት፣ የሚረዝም የሚያጥረው ሳይሆን ወጥ የሆነው ይገዛ። ሲያጠራጥር ረዘም ያለው ይወሰድ። ማንገቻው፣ ማለትም እጀታው ላይ ያለው እጅ የሚገባበት ማሰሪያ፣ የእጅ አንጓ ላይ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰር። የአገራችን ዱላ ልክ ስለሌለው ለተራራ አይሆንም። በመጨረሻም፣ ይኸው ቀመር ለአባቶችና ለእናቶች ከዘራም ይሠራል። በየተራ እንያቸው።

«ቁመት ሲባዛ በ0.7 ይበቃል»

ስኪ ውስጥ ራሱ አንድ ቀመር የለም። 0.7 የሚባለው ከተራራ ቁልቁል ለሚንሸራተቱት ነው። እነሱን ሽቅብ የሚያወጣቸው ገመድ ላይ የተንጠለጠለ ወንበር ነው። የእነሱ ሥራ መውረድ ነው። ሲወርዱም ጉልበታቸውን አጠፍ አድርገው ነው። ምርኩዙን በረዶው ላይ የሚተክሉት በአብዛኛው የሚታጠፉበትን ቅጽበት ለመያዝ ነው እንጂ ክብደታቸውን ሊያሳርፉበት አይደለም።

አገር አቋራጭ ስኪ ሌላ ነው። እዚያ ሜዳውም ዳገቱም በራስ ጉልበት ነው። ተወዳዳሪው ምርኩዙን ወደ ኋላ እየገፋ ራሱን ወደ ፊት ይወነጭፋል። እንዲህ ለመግፋት ረጅም ምርኩዝ ያስፈልጋል። ሁለቱ ስኪዎች ቀጥ ብለው ወደ ፊት በሚሄዱበት በክላሲክ ስልት ውድድር ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን የሚፈቅደው ትልቁ ርዝመት፣ ጫማ ተደርጎ ከተለካ ቁመት 83 በመቶ ነው። እግርን ወደ ጎን እየገፉ በሚሄዱበት በስኬቲንግ ስልት ብዙዎች 90 በመቶ አካባቢ ይይዛሉ። ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው እናስብ። ቁልቁል ለመንሸራተት 119፣ ለክላሲክ እስከ 141፣ ለስኬቲንግ 153 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይይዛል። ያው ሰው፣ ያው ቁመት፣ ያው በረዶ። ልዩነቱ ግን ከ30 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል።

ጸሐፊው የሮቤል ተክለማርያምን ስም አንስተዋል። ስሙ መነሳቱ ደስ ይላል፤ በክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለ ሰው ነው። ግን እሱ እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ቫንኩቨር ላይ የተወዳደረው በአገር አቋራጭ ስኪ ነው። በ0.7 የሚለካ ምርኩዝ ለእሱ ውድድር በፍጹም አይሆንም። ምሳሌው የጸሐፊውን ነጥብ አይደግፍም፤ እንዲያውም ያፈርሰዋል።

ርዝመቱን የሚወስነው ሥራው ነው። እኛ ወሎ ውስጥ ምርኩዝ ይዘን የምንሠራው ምንድን ነው? ከላሊበላ ከተማ፣ ከ2,500 ሜትር ገደማ ተነስተን፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም እንወጣለን። ጉልበቱ ያለው ከ4,200 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው አቡነ ዮሴፍ ይቀጥላል። ከዚያ ደግሞ ያንኑ ሁሉ በእግር መውረድ አለ። ሽቅብ የሚያወጣን ወንበር የለም። መንገዱም ድንጋይ፣ ጠጠርና አቧራ ነው። ለመውረድ ብቻ ከተሰላ ቁጥር ላይ ተነስቶ የወጪ ወራጁን ምርኩዝ መምረጥ አይቻልም።

ገልብጦ የመለካቱም ነገር እንዲሁ ከበረዶ የመጣ ነው። ምርኩዝ በረዶ ላይ ሲተከል ከሳህኑ በታች ያለው ጫፍ ይሰምጣል። ሳህኗ የተሠራችውም ከዚያ በላይ እንዳይገባ ነው። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ገልብጠው ከሳህኑ ሥር ሲይዙት፣ የሚሰምጠውን ቁራጭ ከሒሳቡ እያወጡት ነው። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ለበረዶ። የላስታ ዓለት ላይ ግን ምንም የሚሰምጥ ነገር የለም። ምርኩዙ በሙሉ ቁመቱ ይቆማል። ገልብጦ ለክቶ የገዛ ሰው የዚያን ጫፍ ያህል የረዘመ ምርኩዝ ይዞ ተራራ ይወጣል።

ለእግረኛ የሚሆነው አለካክ ቀላል ነው። የምትጓዝበትን ጫማ አድርግ። ደልዳላ መሬት ላይ ቀጥ ብለህ ቁም። ምርኩዙን ሳትገለብጥ ጫፉን ከእግርህ አጠገብ አሳርፍ። እጀታውን ስትይዝ ክርንህ ቀጥተኛ ማዕዘን (90 ዲግሪ) ከሠራ ልክህ ነው። ቁመትን ከማባዛት ክርንን ማየት ይሻላል። ቁመታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎች የክርናቸው ከፍታ እኩል ላይሆን ይችላልና። አንዱ እግረ ረጅም፣ ሌላው ወገበ ረጅም ነው።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የሚገባቸውን ልስጥ። ለሜዳ መነሻ ይሆን ዘንድ ቁጥሩ ሩቅ አይደለም። የእግር ጉዞ መመሪያዎችም 0.68 አካባቢ ይላሉ፤ ለ170 ሴንቲ ሜትር ሰው 116 ገደማ ይመጣል። በዓይን ገምቶ ከመግዛትም ይሻላል። ችግሩ መነሻውን ቁጥር መድረሻ ማድረጋቸው ነው።

«አንዴ ከተለካ አይነካ፤ ወጥ የሆነው ይገዛ»

ዳገት ላይ ከፊትህ ያለው መሬት ከእግርህ ከፍ ብሎ ይጠብቅሃል። ሜዳ ላይ ልክህ የነበረው ምርኩዝ እዚያ ላይ ስትተክለው እጅህን ወደ ትከሻህ ይሰቅለዋል። ከዚያ በኋላ እየገፋህ ሳይሆን እየተንጠለጠልክ ነው የምትሄደው። ትከሻ ይዝላል፣ አንገት ይደርቃል። ለዚህ ነው ረጅም ዳገት ሲጀመር ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚያሳጥሩት። ቁልቁለት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። መሬቱ ዝቅ ብሎ ስለሚጠብቅ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። አለበለዚያ ምርኩዙን ለማድረስ ወደ ፊት ማጎንበስ ይመጣል። ገደል አፋፍ ላይ ያን ማንም አይፈልግም።

ጸሐፊው ያላሰቡት ሦስተኛ መንገድም አለ። ወሎ ውስጥ ብዙ መንገድ ሽቅብም ቁልቁልም አይደለም፤ የተራራውን ጎን ይዞ አግድም የሚሄድ ነው። ከደሴ በላይ ጦሳ ጎን ላይ የሄደ ያውቀዋል። እንዲህ ባለው መንገድ በዳገቱ በኩል ያለው እጅ አጭር ምርኩዝ፣ በገደሉ በኩል ያለው ደግሞ ረጅም ይፈልጋል። በአንድ ጊዜ ሁለት ርዝመት ማለት ነው። አንድ የማይነካ ቁጥር ይህን ከየት ያመጣል?

ወጥ ምርኩዝ ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። ቀለል ይላል። የሚበላሽ መቆለፊያም የለውም። በመጠምዘዝ የሚቆለፉት ትሬኪንግ ፖሎች (የሚረዝሙና የሚያጥሩ የእግር ጉዞ ምርኩዞች) አቧራ ወይም እርጥበት ሲገባባቸው ሸርተት ይላሉ የሚለው የጸሐፊው ቅሬታም እውነት ነው። የእኛ የበጋ አቧራ ለእነሱ ጠላት ነው። መድኃኒቱ ግን ምርኩዙን መጣል አይደለም። ከጉዞ ሲመለሱ ነቅሎ መጥረግና ማድረቅ ነው። የሚገዛ ሰው ምርጫ ካለው ደግሞ ወደ ጎን እየተከፈተ በሚዘጋ ማንሻ የሚቆለፈውን ይውሰድ። መያዙንና አለመያዙን በዓይን ማየት ይቻላል። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ሙሉ ክብደትን አሳርፎ መሞከር ግን ለሁለቱም ግዴታ ነው።

ወጥ ምርኩዝ ያለው ሰውም አይጨነቅ። ዳገት ላይ ከእጀታው ወረድ ብሎ ይያዝ። ቁልቁለት ላይ መዳፉን የእጀታው አናት ላይ ያሳርፍ። ባለሚስተካከለው ምርኩዝም ቢሆን በየጉብታው ቆሞ መፍታትና መቆለፍ አያስፈልግም። አጭር አጭር ውጣ ውረድ ሲሆን እጅን ማንሸራተት ይበቃል። መቆለፊያው የሚነካው ረጅም ዳገት ወይም ረጅም ቁልቁለት ሲመጣ ነው።

«ሲያጠራጥር ረዘም ያለው ይሻላል»

ለእንጨት ዱላ ከሆነ እስማማለሁ። ረጅም እንጨት ይቆረጣል፤ አጭር አይቀጠልም። ተቆርጦ የማይስተካከል ዕቃ ከሱቅ ለሚገዛ ሰው ግን ምክሩ ጎጂ ነው። በጣም የረዘመ ምርኩዝ ክርንን ወደ ላይ ያወጣል፣ ትከሻን ያሳቅላል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሰውየውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ወደ ኋላ ያዘነበለ ሰው ተረከዙ ጠጠር ላይ ይንሸራተታል። የአሸተን መውረጃ ላይ የሚያድጠው እንዲህ ነው።

ጸሐፊው «ምርኩዝ የጉልበትን ጫና 25 በመቶ ይቀንሳል፣ ረዘም ሲል ደግሞ የበለጠ» ብለዋል። የመጀመሪያው ግማሽ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ቁልቁል በሚያወርድ ሰው ሠራሽ መንገድ ላይ ሰዎችን ያለ ምርኩዝና በምርኩዝ አስኪዶ ለክቷል። ጉልበት ላይ የሚያርፈው ኃይል ከ12 እስከ 25 በመቶ ቀንሷል። ከ12 እስከ 25 ነው እንግዲህ፤ 25 ጣሪያው ነው። የተለካውም በሁለት ምርኩዝ ሲወርዱ ነው። ረዘም ሲል የበለጠ ይቀንሳል የሚል ነገር ከዚያ ጥናት አይወጣም።

«ማንገቻው ጠበቅ ይበል»

አጭር መልስ፦ አይበል። እጅ ከሥር ወደ ላይ በማንገቻው ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ማንገቻውና እጀታው አብረው ይያዛሉ። እንዲህ ሲሆን ክብደቱ ማንገቻው ላይ ያርፋል፣ ጣት አይደክምም። ማንገቻው መጥበቅ ያለበትም ለዚህ የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው። ወንዝ ሲሻገሩና ገደል አፋፍ ላይ ሲሄዱ ጭራሽ ይውለቅ። የወደቀ ሰው እጁን ነፃ ማድረግ አለበት። ስኪ ተጫዋቾች ምርኩዝ በእጃቸው እንደያዙ ሲወድቁ የአውራ ጣታቸው ጅማት ይበጠሳል፤ ጉዳቱ በእነሱ ስም እስከመጠራት የደረሰ የታወቀ ነገር ነው።

«የአገራችን ዱላ ልክ የለውም»

በጣም ያዘንኩት በዚህ ነው። ጸሐፊው ዱላን «በዘፈቀደ የተቆረጠ እንጨት» ብለውታል። የላስታን ገበሬ ዳገት ሲወጣ አስተውሎ ያየ ሰው እንዲህ አይልም።

ሰውየው ሜዳ ላይ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጁን ከላዩ ጥሎ ይሄዳል። ዳገቱ ሲጀምር ያወርደዋል። እጁ የት እንደሚይዝ ተመልከቱ። ሽቅብ ሲሆን ከወገቡ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚይዘው፤ የቀረው እንጨት ከእጁ በላይ ይተርፋል። መውረድ ሲጀምር እጁ ወደ ላይ ይንሸራተታል። ዱላውን ቀድሞ ወደ ታች ይሰዳል፣ ተክሎ ይደገፋል፣ ከዚያ እግሩን ያስከትላል። የተራራውን ጎን ይዞ ሲሄድም እንዲሁ፣ በየእርምጃው እጁ ቦታ ይቀያይራል። ማንም አላስተማረውም፤ አባቱ ሲያደርግ አይቶ ነው።

እንግዲህ ይህ ምንድን ነው? ውድ ዋጋ የሚከፈልባቸው ምርኩዞች በመቆለፊያ የሚያደርጉትን፣ ዱላው በመንሸራተት ያደርገዋል። እጀታ የሌለው ረጅም እንጨት ርዝመቱ እጅ ያረፈበት ቦታ ነው። ዳገት ላይ አንድ ሜትር፣ ቁልቁለት ላይ አንድ ሜትር ከሠላሳ፣ ሳይቆሙ፣ ሳይፈቱ፣ ሳይቆልፉ። ልክ የለውም የተባለው ዱላ ብዙ ልክ አለው። አንድ ቁጥር ላይ የተቸነከረው የጸሐፊው ወጥ ምርኩዝ ነው።

ርዝመቱም በዘፈቀደ አይደለም። ቁልቁል ተሰዶ መሬት መድረስ አለበት፤ ስለዚህ ከክርን በላይ መትረፍ አለበት። ትከሻ ላይ ሲጋደም ደግሞ ጠባብ መንገድ ላይ ቁጥቋጦ እየያዘ ማስቸገር የለበትም። ሲቆረጥ በቁጥር አይነገርም እንጂ ከባለቤቱ አካል ጋር ተያይቶ ነው የሚቆረጠው። ወይራም ሲሆን ጠንካራ ነው፤ ክብደትን ይችላል።

ድክመቱን አልደብቅም። ወይራ ከባድ ነው። ያልለመደን እጅ ቀኑን ሙሉ ሲያዝ ያደክማል። ጫፉ ላይ ብረት ከሌለው እርጥብ ዓለት ላይ ይንሸራተታል። ተጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ሁለት አድርጎ መያዝም አይመችም፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ቁልቁለት ላይ ሁለት ቀላል ምርኩዝ ቢይዝ ይሻለዋል። ለዚህ ትሬኪንግ ፖል ይበልጣል፤ አልከራከርም። አንድ ዱላ ብቻ ያለው የላሊበላ ልጅ ግን ሱቅ የለም ብሎ ጉዞውን አይተው። እጁን ማንሸራተት ካወቀ በስኪ ሠንጠረዥ ከተገዛ ወጥ ምርኩዝ የተሻለ ነገር ይዟል።

ጸሐፊው መቋሚያንም እዚሁ ደባልቀውታል። መቋሚያ ረጅም የቅዳሴና የማኅሌት ሰዓት ቆሞ ለመደገፍ፣ ለዝማሜም የተበጀ ነው። በተራራ ምርኩዝ ሚዛን መመዘኑ ራሱ አያስፈልግም ነበር።

«ለአዛውንቶች ከዘራም ይሠራል»

አይሠራም። አደገኛ ያልኩት ነጥብ ይህ ነው።

ከዘራ የሚያዝበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ የታጠፈው አናቱ። እጅ አይንሸራተትበትም። ሥራውም ሌላ ነው። እግሩን ወይም ዳሌውን የሚያመው ሰው ክብደቱን ወደ ታች ይጭንበታል። ወደ ታች ለመጫን ክንድ ዘርጋ ማለት አለበት። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች የሚለኩት እንዲህ ነው፦ ሰውየው የሚሄድበትን ጫማ አድርጎ ይቆማል፣ ክንዱን ወደ ታች ይለቃል፣ የከዘራው አናት ከእጅ አንጓው ጋር እኩል ይሆናል። ሲይዘው ክርኑ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ብቻ ይታጠፋል። ከቀጥተኛው ማዕዘን በጣም ያነሰ ነው።

በቁጥር እንየው። ቁመታቸው 160 ሴንቲ ሜትር የሆነ እናት በጸሐፊው ቀመር 112 ሴንቲ ሜትር ከዘራ ይሰጣቸዋል። በአንጓ ሲለኩ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚመጣው። ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ትርፍ! እንዲህ የረዘመ ከዘራ ላይ ክብደት ማሳረፍ አይቻልም። ክንዳቸው ታጥፎ ትከሻቸው ይሰቀላል፣ ከዘራው ከአካላቸው ይርቃል፣ ሲደናቀፉ የሚይዛቸው ነገር የለም። በዚህ ዕድሜ መውደቅ ዳሌ መሰበር ሊሆን ይችላል። ወገባቸው ጎበጥ ያለ ከሆነ ደግሞ መለካት ያለባቸው አሁን እንደሚቆሙት ነው፤ በወጣትነት ቁመታቸው አይደለም።

ሁለት ነገር ልጨምር፤ ጽሑፉ ጭራሽ አላነሳቸውምና። ከዘራ የሚያዘው ከሚያመው እግር ተቃራኒ ባለው እጅ ነው። ቀኝ ጉልበት ካመመ በግራ እጅ። ብዙ ሰው በሚያመው በኩል ይይዛል፤ ትክክል ይመስላል፣ ግን ጫናውን ያን ያህል አይቀንስም። ሌላው የጫፉ ጎማ ነው። አልቆ ልሙጥ ሲሆን ሲሚንቶና ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል። መቀየር አለበት።

ግሸን የሚወጡ አዛውንቶችስ? ለዚያ ቀን ከዘራው ብቻውን አይበቃም። ከዘራቸውን ለመንደር ትተው ረዘም ያለ ዱላ ወይም በክርን የተለካ ትሬኪንግ ፖል ይያዙ፣ በሌላው ጎን የልጅ ክንድ ይኑር። በዚህ በኩል የጸሐፊው ረዘም ያለ ምርኩዝ ቦታ አለው። ለዕለት ተዕለት መደገፊያ ግን የለውም።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። ሌላው ሁሉ ላይ ብንለያይም ይህን የከዘራውን አንቀጽ ያውጡት ወይም ያስተካክሉት። ጽሑፉን ያጋራችሁም እርማቱን አጋሩ። የመስከረም 21 የግሸን ማርያም በዓል ሲቃረብ ልጆች ለእናቶቻቸው ከዘራ ይገዛሉ፤ አሁን ብዙዎቹ ስልካቸው ላይ ያለው 0.7 የሚለው ቁጥር ነው።